ፅጌ የሞላቻቸው ባዶ ቦታዎች

ፅጌ ጤና ጣቢያው ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ሆና ስትገባ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አራት ሞልቷታል። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ኮምፒዩተር ላይ ነኝ» ብላ ታልፈዋለች። ሐኪሙ የጻፈውን፣ አዋላጇ የመዘገበችውን፣ ላብራቶሪው ያወጣውን ከየመዝገቡ ለቅማ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነው፤ ወር በገባ በሃያ ስድስተኛው ቀን ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፣ በማግስቱ ሌላው ይጀመራል። ኮልፌ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው በዚያ ጤና ጣቢያ መቶ ሃምሳ ሰው የሚስተናገድበት ቀን አለ። ያ ሁሉ ሰው ተጽፎ የሚያልቀው በእሷ በአሥር ጣቶቿ ነው።

ሲስተሙ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። አንዲት ሳጥን ሳትሞላ ከቀረች ቀይ ትሆንበታለች፣ አልመዘግብም ይላል። ስልክ የሌላት እናት ስትመጣ ፅጌ «ዜሮ ዘጠኝ» ብላ ትጀምርና ቀሪውን በዜሮ ትሞላዋለች። የቤት ቁጥሯን የማታውቅ ተከራይ ስትሆን «አዲስ» ብላ ታልፋለች። የደም ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ላብራቶሪው መመርመሪያ ሲያልቅበት ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ ሪፖርቱ ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን «ኦ ፖዘቲቭ» ትመርጣለች። አብዛኛው ሰው ፖዘቲቭ ነው። ውጤቱ ሲመጣ አስተካክለዋለሁ ትላለች። ታስተካክለዋለችም፣ ካልረሳችው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን «መቶ በመቶ» የሚለውን ቃል ከማንኛውም ቃል አብልጠው ይወዱት ነበር። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያው በተሟላ ሪፖርት አንደኛ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ሲሰጠው፣ እሳቸው ራሳቸው መዶሻና ምስማር ይዘው መጥተው ከፅጌ ወንበር በላይ ሰቀሉት። «ይኼ ያንቺ ነው» አሏት። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ የመረጃ ጥራት የሚያረጋግጥ ቡድን እንደሚመጣ ተነገረ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ከወረቀቱ መዝገብ የተወሰኑ ስሞች መርጠው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ከዚያው ጋር አንድ መሆኑን ያያሉ።

«ፅጌ፣ እነሱ ሳይመጡ ራስሽ ጥቂት አመሳክሪ። ጉድ እንዳንሆን» አሏት አቶ ሰይፈሥላሴ በጠዋቱ።

የላብራቶሪውን መዝገብ ተዋሰችና ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስሞች ልክ ነበሩ። ሰባተኛዋ ሰሎሜ ተክለማርያም፣ ዕድሜ ሃያ አራት። መዝገቡ ላይ «ኦ ኔጌቲቭ» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ኮምፒዩተሩ «ኦ ፖዘቲቭ» ይላል።

ፅጌ ስሙን አወቀችው። ትናንት ከማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ የገለበጠችው ስም ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ እናትና ልጅ ደህና። ረቡዕ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

መዝገቡን እንደያዘች ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጠች። ሲስተር ጤናዬ፣ በዚያ ሰፈር ግማሹን ልጅ ያዋለዱት አዋላጅ፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ሲስተር፣ ማክሰኞ የወለደችው ሰሎሜ... የሾተላይ መርፌ ወስዳለች?»

«ለምን ትወስዳለች? ፖዘቲቭ ናት እኮ። ኮምፒዩተሩ ላይ አይቻለሁ።»

ፅጌ መዝገቡን ከፍታ ያዘችላቸው። ሲስተር ጤናዬ እርጥብ እጃቸውን አንጠልጥለው አነበቡ፤ ሁለቱን መስመሮች አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቧንቧውን ዘጉ።

ፅጌ ነርስ ባትሆንም ነገሩን ታውቀዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጽፈው የኖረችው ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጅ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል፤ ሰውነቷም ያንን ደም ጠላት አድርጎ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል። ዕዳውን የሚከፍለው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሆድ ውስጥ እያለ ወይም በተወለደ በጥቂት ቀን። ድሮ «ሾተላይ መታት» ይባል የነበረው አንዱ ይኸው ነው። መከላከያው አንዲት መርፌ ናት። እናቲቱ ከወለደች ሰባ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ መወጋት አለባት።

«የሕፃኗን ደም እንኳ አላየነውም» አሉ ሲስተር ጤናዬ። «እናቷ ፖዘቲቭ ናት ከተባለ ለምን እናያለን? አሁን ለምርመራ ጊዜ የለንም። አግኝቶ መውጋት ብቻ ነው።»

ሁለቱም ሰዓቱን አዩ። ሦስት ከሩብ ይላል። እስከ ስምንት ሰዓት አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«መርፌው እኛ ጋ የለም። እኔ ፋርማሲ ፋርማሲ ልዙር። አንቺ ደውዪላት፤ ያለችበት እንድትቆይ ንገሪያት።»

ፅጌ ወደ ኮምፒዩተሯ ተመልሳ የሰሎሜን ገጽ ከፈተች። ስልክ፦ ዜሮ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሁሉም ዜሮ። ቀበሌ የለም። ልዩ ቦታ፦ አየር ጤና። የቤት ቁጥር፦ አዲስ። የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች። ሲስተሙ ነጥብንም እንደ ጽሑፍ ይቆጥራል፤ ያንን ዘዴ ያገኘችው ራሷ ፅጌ ናት፤ ለሌሎች ጤና ጣቢያ ጓደኞቿም አሳይታለች።

ስልኩን አንስታ ያንን ቁጥር ደወለችው። ለምን እንደደወለች አታውቅም። «የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም» አለች የቴሌዋ ሴት።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ አቶ ሰይፈሥላሴ ኮሪደሩ ላይ አገኟት። ነገሩን ስትነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አስተካክዪው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሎችም ካሉ እነሱንም። ሴትዮዋን የጤና ኤክስቴንሽኖች ይፈልጓት።»

«በየትኛው አድራሻ ይፈልጓት?»

እጃቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ዘረጉ።

«ስልኳንና የቤት ቁጥሯን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ አቶ ሰይፈሥላሴ። የለም።»

«ቡድኑ ሲመጣ ወንበርሽ ላይ ካላገኘሁሽ፣ እኔ ላንቺ የምናገረው ነገር አይኖረኝም፤ ስሚኝ ብያለሁ!»

ሰምታቸዋለች። ግን ቀድማ በሩን አልፋ ነበር።

ከሰፈሯ ስም ሌላ አንድ ፍንጭ ብቻ ነበራት። ሲስተር ጤናዬ ከማዋለጃው ሲወጡ ባልየውን አስታውሰውት ነበር፦ ቱታው ላይ ግሪስ ያለበት፣ እጁን ሳይታጠብ ልጅ እንዳይነካ የከለከሉት፣ ቀጭን ረጅም ሰው። መካኒክ መሆን አለበት። አየር ጤና ላይ ደግሞ ጋራዥ በያይነቱ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሆና እንደ ልማዷ «ጌታ ሆይ» ብላ ጀመረችና መቀጠል አቃታት። ምን ብላ ትጸልይ? ዜሮዎቹን የደረደረችው እሷ ናት። ጎኗ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው?» አሏት። «አይደለም እናቴ» አለች። አሁን ለቅሶ የለም። ለቅሶው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ማንም ምክንያቱን አያውቅም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሳቁባት። «ሚስቱ የወለደች መካኒክ? የማን ሚስት ያልወለደች አለ?» ሁለተኛው ጋ ባለቤቱ አልነበረም። ሦስተኛው ጋ የኢንሹራንስ ሰው መስላቸው አናናግርም አሉ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ጫማዋ በተቃጠለ ዘይት ጠቆረ። እያንዳንዱ በር ላይ ያንኑ ትላለች፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ ማክሰኞ ሴት ልጅ የወለደ። አንዳንዱ ያዝንላታል፣ አንዳንዱ ከመኪናው ሥር ራሱን ሳያወጣ «የለም» ይላታል። አምስት ሰዓት ሲሆን ጉሮሮዋ ደርቆ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

ስምንተኛው ጋራዥ ውስጥ ሞተር አውርዶ የሚያጥብ ደመቀ የሚባል ሰው ቀና ብሎ አያት።

«ወንድዬን ነው እንዴ? ወንድዬ እኮ ሴት ልጅ ወለደ! ቅዳሜ ልንጠይቀው ነው።»

ፅጌ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

«የት ነው ያለው? እባክህ!»

«ፈቃድ ወስዷል። ሚስቱን እናቷ ጋ ወስዶ ሊያሳርሳት ነው። አስኮ።»

«ስልኩን ስጠኝ።»

ሰጣት። ዝግ ነው። ደመቀም በራሱ ስልክ ሞከረ፤ ዝግ ነው። «ያ ሰውዬ ቻርጅ ማድረግ አያውቅም» አለ እየተናደደ። ከዚያ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ አሰበ። «አንድ ቀን ዕቃ አድርሼላቸዋለሁ፤ ውስጥ ግን አልገባሁም። ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው። ከዚያ ውጪ አላውቅም፣ እህቴ፤ እውነቴን ነው።»

ሲስተር ጤናዬ የደወሉት ያኔ ነው። ሦስት ፋርማሲ የለም ብሏቸው አራተኛው፣ ጦር ኃይሎች ያለው፣ የመጨረሻዋን አውጥቶ ሰጥቷቸዋል። በክትባት ሳጥን ውስጥ በበረዶ ይዘዋታል። «ነይ፣ ጦር ኃይሎች እጠብቅሻለሁ» አሉ።

ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። መንገዱ ተቆፍሯል፤ አንድ የአሸዋ መኪና ቆሞ ሌላው ሁሉ ያንባርቃል። ፅጌ ሁለት ጊዜ ወርዳ በእግሯ ለመሄድ ተነሣች፣ ረዳቱም ሁለት ጊዜ «ተቀመጪ፣ ይከፈታል» አላት። ሲስተር ጤናዬ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ራይድ ያዙ። ሹፌሩን «ወንድሜ፣ የሰው ነፍስ ነው» አሉት፤ እሱም ሌላ ነገር ሳይጠይቅ በየቅያሱ አስገብቶ አወጣቸው።

አስኮ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት አካባቢ በር በር እያንኳኩ «ሰሎሜ፣ አራሷ» እያሉ ጠየቁ። ሰሎሜ የምትባል የለችም። ወደ ሁለተኛው ወፍጮ ቤት ሄዱ። እዚያም ሰሎሜ የምትባል የለችም። ባለ ሱቁ አያውቃትም። ዱቄት የለበሰው የወፍጮ ቤት ሠራተኛም አያውቃትም። ሰባት ሰዓት ከሩብ አለፈ። ፅጌ ግድግዳ ተደግፋ፣ ስሙንስ እንደጻፍኩት ነው ወይ ብላ ማሰብ ጀመረች። እሱንስ ማን ያውቃል? ከገዛ ጽሑፏ ውስጥ የምታምነው አንድም ቃል አልቀረላትም።

ሲስተር ጤናዬ ድንገት ክንዷን ጨበጧት። «ቆይ... በምጥ ጊዜ ባሏ ውጭ ሆኖ ሲጣራ ሰሎሜ አላለም። ሶሊ ነበር የሚለው። ሶሊ፣ ሶሊ!»

«እንዴ፣ ሶሊማ የበላይነሽ ልጅ!» አለ ባለ ሱቁ ከውስጥ። «ያውና፣ ሰማያዊው በር። ሶሊ አትሉም እንዴ ታዲያ!»

ሰማያዊውን በር የከፈቱት ወይዘሮ በላይነሽ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ሰው አራስ ቤት እንዳይገባ ዘብ የቆሙ እናት። ሳጥኑንና የሲስተሯን ነጭ ጋዎን አይተው በሩን ግማሽ ዘጉት።

«ክትባት ገና ነው ተብለናል። ልጄ ተኝታለች።»

«ክትባት አይደለም እማማ» አለች ፅጌ። በታክሲው ውስጥ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። «የልጅዎን የደም ዓይነት ተሳስተን ጻፍን። የሾተላይ መርፌ ያስፈልጋታል። እስከ ስምንት ሰዓት ነው ጊዜው።»

ሾተላይ የሚለውን ሲሰሙ ወይዘሮ በላይነሽ በሩን ለቀቁት። «እህቴ አራት ነው የቀበረችው» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አይታወቅም። ከዚያ ራሳቸው እየመሩ አስገቧቸው።

ሶሊ ትራስ ተደግፋ ልጇን ታጠባለች። ባልየው ወንድዬ የጠፋ ስልኩን በእጁ ይዞ ሶኬት ሥር ቆሟል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሲስተር ጤናዬ ሶሊን «የኔ ቆንጆ፣ አትደንግጪ» እያሉ ጎኗን ገለጡ፣ ወጉ፣ ጥጥ ያዙበት። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነበር። ሕፃኗ ጡቷን እንኳ አልለቀቀችም።

ፅጌ ነገሩ አለቀ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ወይዘሮ በላይነሽ ግን አላለቀላቸውም።

«ማነው የተሳሳተው?»

ሲስተር ጤናዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፅጌ ቀደመቻቸው። «እኔ ነኝ።»

«ሳታይው ቀርተሽ ነው?»

«አይደለም። ውጤቱ ገና አልመጣም ነበር። ባዶ መተው ስለማይቻል ከራሴ ሞላሁት።»

ሶሊ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፅጌን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቁጣ አልነበረም ዓይኗ ውስጥ፤ ፅጌ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ለስንት ሰው ሞልተሻል?» አለች ሶሊ።

«አላውቅም» አለች ፅጌ።

ጤና ጣቢያው ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የቡድኑ መሪ፣ አቶ አምሐ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሰው፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ፊታቸው ፈክቷል። ከአሥር ስም አሥሩም ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ሰሎሜ ተክለማርያም፣ ኦ ኔጌቲቭ። እሷ በሌለችበት ተስተካክሏል።

«መቶ በመቶ» አሉ አቶ አምሐ። «እንኳን ደስ አላችሁ።»

ፅጌ ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ዜሮዎቹን፣ ነጥቧን፣ «አዲስ» የሚለውን፣ ከዝርዝሩ አናት የሚመረጠውን ደም። አቶ ሰይፈሥላሴ መሐል ላይ «ደክሟታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም» አሉ። አቶ አምሐ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ።

«ስንት ይሆናሉ?»

«ልቁጠራቸው» አለች።

ቅዳሜንና እሑድን ሲስተር ጤናዬ አብረዋት ተቀመጡ፤ አንዷ ከላብራቶሪው መዝገብ ታነባለች፣ አንዷ ኮምፒዩተሩን ታያለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የደም ዓይነታቸው ያለ ውጤት የተሞላ አርባ ሦስት እናቶች ተገኙ። ሠላሳ ሰባቱ በእርግጥም ፖዘቲቭ ነበሩ። ስድስቱ ኔጌቲቭ። ከስድስቱ አንዷ ሶሊ ናት። የቀሩት አምስቱ ከወለዱ ወራት አልፈዋል፤ መርፌው ለእነሱ አይሠራም። ሊደረግላቸው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳያረግዙ ወይም እንዳረገዙ ተነግሯቸው ትልቅ ሆስፒታል በቅርብ እንዲከታተላቸው ማድረግ። ለዚያ መጀመሪያ መገኘት አለባቸው። የአምስቱም ስልክ ዜሮ ነው። የአራቱ ቤት «አዲስ» ነው።

ሰኞ ዕለት ከሥራ የታገደችበትን ደብዳቤ አቶ ሰይፈሥላሴ እጇ ላይ ሰጧት። እሳቸውም ለማስረዳት ተጠርተው ነበርና ዓይኗን አላዩትም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የአምስቱን ስም ይዛ ወጣች። በየጋራዡ እንደዞረችው በየሰፈሩ ዞረች። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ የቻሉትን ረዷት። አንዷ ክፍለ ሀገር ሄዳለች ተባለ። ሁለቱን የሚያውቅ አልተገኘም። አንዷ ተገኘች፤ ሌላ ልጅ አላሰበችም፤ ደንግጣ አለቀሰች፤ ስልኳን፣ እውነተኛውን ስልኳን፣ ሰጠቻት።

አምስተኛዋን ያገኘቻት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሜሪ ትባላለች። ኮምፒዩተሩ «የቤት እመቤት» ይላታል፤ እሷ ግን ከአየር ጤና ገባ ብሎ የራሷ ፀጉር ቤት አላት፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ያውቃታል። ፅጌ ስትገባ የአንዲት ልጅ ፀጉር እየሠራች ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ልጇ እግሯ ሥር በአሮጌ ማበጠሪያ ይጫወታል።

«ተቀመጪ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አለቻት።

ፅጌ ጠበቀች። ደንበኛዋ ስትወጣ ከየት እንደመጣች ነገረቻት፤ ከዚያ ቀጥታ ጠየቀቻት። «ከዚህ ልጅ በኋላ አርግዘሽ ታውቂያለሽ?»

ሜሪ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር መልቀም ጀመረች። «ነሐሴ ላይ» አለች። «ሰባት ወሬ ነበር። ሆዴ ውስጥ ሞተ። የእግዜር ሥራ ነው አሉኝ።»

ፅጌ ነገረቻት። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ ማንም አረጋግጦ መናገር እንደማይችል ነገረቻት፤ ግን ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት። ማን እንደጻፈው ነገረቻት። ሜሪ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት።

«ውጪልኝ።»

ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ከአንድ የስልክ ካርድ መሸጫ አጠገብ ቆመች፤ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ሰው እያለፈ ይገፋታል፣ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ። እዚያ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ሜሪ ልጇን አዝላ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ መንገዱን ስትሻገር አየቻት።

«ሌላ መውለድ እችላለሁ?» አለቻት። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «እሱን አልነገርሽኝም።»

«እኔ አላውቅም። ሲስተር ጤናዬ ናቸው የሚያውቁት። ነገ ጠዋት ይዣቸው...»

«ነገ አይደለም» አለች ሜሪ። «አሁን ውሰጂኝ።»

ፅጌ እጇን ዘርግታ የመጣውን ታክሲ አስቆመች። ሁለቱም የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፅጌ ስልኳን አውጥታ ለሲስተር ጤናዬ ደወለች።